መስተዋት ይፈስሳልን?

(በራዲዮ የተነገረ ንግግር)



ዛሬ የምነግራችሁ ነገር በየቤታችሁና በየመሥሪያ ቤታችሁ መስኮት ላይ ያለ፥ ዕለት ዕለትም የምታዩበት ነገር ነው፤ ይኸውም መስተዋት ነው። «መስተዋት ጠጣር መስሎ ይታያል እንጂ በእውነቱ ቀስ እያለ የሚፈስስ ፈሳሽ ነው» የሚለውን አባባል ብዙዎቻችሁ ሳትሰሙት አትቀሩም። እኔም በተማሪነቴ ከአስተማሪ አፍ ሰምቼ፥ ለብዙ ዓመታት አምኜ፥ ለሌላም ሰው አስተምሬ ነበር። ስሕተት መሆኑን ለመጀመሪያ ጊዜ የነገረኝ ሰው ሊቅ አልነበረም፤ በጎንደር ከተማ ያገኘሁት አንድ ሽማግሌ አናጢ ነው። ስለዚህ ነገሩን ከዚያው ልጀምር።

ጎንደርን ያየ ሁሉ እንደሚያውቀው፥ ዐፄ ፋሲል ከተማዋን በ1628 ዓ.ም. ከቆረቆሩ ወዲህ የተነሡት ግንቦች በጥቁር ድንጋይና በኖራ የታነጹ ናቸው። ጣልያኖች ከ1928 እስከ 1934 ዓ.ም. ከተማዋን ይዘው በቈዩበት ጊዜ ደግሞ ዛሬ ፒያሳ በሚባለው ሰፈርና በአካባቢው መስኮታቸው መስተዋት የሆነ ቤቶችን ሠርተው ሄዱ። ከነዚያ ቤቶች በአንዱ ውስጥ አንድ መሥሪያ ቤት ነበረ፤ ስሙን መጥራት አያስፈልግም። በዚያ መሥሪያ ቤት የክረምቱ ዝናብ በመስኮት እየገባ መዝገብ ማኖሪያውን ያረጥብ ነበር። እኔ ለሌላ ጉዳይ ወደዚያ ሄጄ ሳለሁ፥ ከድሮ ጀምሮ የምንተዋወቀው የቢሮው ጸሐፊ ያዘጋጀውን ደብዳቤ አሳየኝ። ደብዳቤው፥ መስተዋቶቹ ከዕድሜ ብዛት የተነሣ ወደ ታች ስለ ፈሰሱ ከላይ ሳስተው ከታች ወፍረዋልና ሁሉም ወጥተው በአዲስ ይለወጡ የሚል ነበር።

«ይህ ነገር በሳይንስ የታወቀ ነው፤ አይደለም እንዴ?» ብሎ ጠየቀኝ።

«በእርግጥ የታወቀ ነው» ብዬ መሰከርሁለት። ደብዳቤውም በዚያው ቀን ተፈርሞ ወጣ።

በማግሥቱ መስኮቱን እንዲለካ የተጠራው ሽማግሌ አናጢ መጣ። አራት መስተዋት አውጥቶ ጠርዛቸውን በብረት መለኪያው ያዝ ያዝ እያደረገ ከተመለከተ በኋላ ወደ እኛ ዘወር አለና፥ «ጌቶች፥ ይኸኛው ከታች ወፍሯል፤ እውነት ነው። ይኸኛው ግን የወፈረው ከላይ ነው። እንግዲህ ይህ ወደ ሰማይ ፈሰሰ ልንል ነው?» አለ። ሦስተኛው በጎኑ ወፍሮ ተገኘ፤ አራተኛው ዙሪያውን እኩል ነበር። ቀጥሎም በጣቱ የመስኮቱን እንጨት ሲጫነው እንደ ቂጣ ፈረሰለት፤ መስተዋቱን ከእንጨቱ ጋር የሚያያይዘውም ስቱኮ ደርቆ ረግፎ ነበር። «መስተዋቱስ ደኅና ነው፤ የታመመው ማቀፊያው ነው» አለ።

ጸሐፊው ወደ እኔ ተመለከተ፤ እኔም ወደ መሬት ተመለከትሁ። «ደብዳቤው እኮ ወጥቷል» አለ። ነገሩም በዚሁ አለፈ። መጨረሻው ምን እንደ ሆነ ከጥቂት ጊዜ በኋላ እመለስበታለሁ፤ አስቀድሜ ግን የሽማግሌው ጥያቄ ያስጀመረኝን ምርመራ ላካፍላችሁ።

በመጀመሪያ፥ ይህ አባባል ከወዴት መጣ? አንደኛው ምንጩ በአውሮፓ በመካከለኛው ዘመን የተሠሩት ታላላቅ አብያተ ክርስቲያናት ናቸው። በመስኮቶቻቸው ካሉት መስተዋቶች አንዳንዱ ከታች ወፍሮ ስለሚገኝ፥ ያየው ሰው ሁሉ «በብዙ መቶ ዓመት ውስጥ ፈሶ ነው» ሲል ኖረ። ሁለተኛው ምንጭ ከሊቃውንት ወገን ነው። ጉስታቭ ታማን የተባለው የኬሚስትሪ ሊቅ መስተዋትን ሲገልጽ፥ ከመርጊያው መጠን በታች ቀዝቅዞ እንዳለ የደረቀ ፈሳሽ አድርጎ ገለጸው። ሰዎች ይህን ከእጅ ወደ እጅ ሲቀባበሉት «የደረቀ» የምትለው ቃል ወደቀችና «ፈሳሽ» የምትለው ብቻ ቀረች። የመሥሪያ ቤት ሰዎች ናችሁና፥ በግልባጭ ላይ አንዲት ቃል ስትወድቅ ምን እንደምታስከትል እናንተው ታውቁታላችሁ።

እንግዲህ ጠጣርና ፈሳሽ የሚባለውን ነገር በምናውቀው ምሳሌ እንመልከተው። አባቶቻችን እንደ ገንዘብ ይገበያዩበት የነበረውን የአሞሌ ጨው ብንወስድ፥ በዓይን የማይታዩት ጥቃቅን ቅንጣቶቹ እንደ ሰልፈኛ ወታደር በረድፍ በረድፍ የቆሙ ናቸው። እንዲህ ያለውን ሥርዐት የያዘ ጠጣር ነገር ክሪስታል ይባላል። ማር በደባርቅና በዳባት ብርድ ረግቶ አሸዋ አሸዋ የሚለው፥ በውስጡ ያለው ስኳር ይህን ረድፍ ስለሚይዝ ነው። ከረሜላ ግን ያው ስኳር ሆኖ ሳለ፥ በእሳት ከፈላ በኋላ ቶሎ ስለሚቀዘቅዝ ቅንጣቶቹ ረድፍ ለመያዝ ጊዜ አያገኙም፤ እያንዳንዱ በደረሰበት ቦታ ደርቆ ይቀራል። ስለዚህም ከረሜላ ብርሃን ያሳልፋል፤ ሲመቱትም ስለታም ሆኖ ይሰበራል። በአጭሩ ከረሜላ የስኳር መስተዋት ነው።

የመስኮቱም መስተዋት እንደዚሁ ነው። አሸዋ፥ ሶዳና ኖራ ተደባልቀው 1,500 ዲግሪ ያህል በሚደርስ እሳት ሲቀልጡ በእውነት ፈሳሽ ይሆናሉ። ቅልጡ እየቀዘቀዘ ሲሄድ በመጀመሪያ እንደ ማር፥ ቀጥሎም እንደ ሰም እየከበደ ይመጣና፥ ወደ 550 ዲግሪ ገደማ ሲወርድ ይደርቃል። ቅንጣቶቹ ረድፍ አልያዙም፤ ነገር ግን እርስ በርሳቸው በጽኑ ተያይዘዋል። በጥምቀት ዕለት በፋሲል መዋኛ ዙሪያ የሚቆመውን ሕዝብ አስቡ፤ እንደ ወታደር ሰልፍ የያዘ አይደለም፤ ሆኖም ከመጨናነቁ የተነሣ አንድ ሰው እንኳ ካለበት ለመንቀሳቀስ አይችልም። መስተዋት ማለት እንዲህ ያለ ሕዝብ ነው። መልኩን ላየ የፈሳሽ መልክ አለው፤ ጠባዩን ለፈተነ ግን የጠጣር ጠባይ ነው። «ብርሌ ከነቃ አይሆንም ዕቃ» ያሉት አባቶቻችንም ይህን ጠባዩን ጠንቅቀው ያውቁ ነበር፤ ብርሌ ይነቃል፥ ይሰበራል እንጂ እንደ ሰም ጎብጦ አይታይም።

«እንግዲያስ ውፍረቱ ለምን ተለያየ?» ትሉኝ ይሆናል። መልሱ ከአሠራሩ ይገኛል። በድሮ ዘመን በአውሮፓ የመስኮት መስተዋት ከሚሠራባቸው መንገዶች አንዱ እንዲህ ነበር፤ ሠራተኛው ቅልጡን በረጅም ዘንግ ጫፍ ይዞ በእስትንፋሱ ይነፋዋል፤ ከዚያም በፍጥነት ሲያሽከረክረው ተዘርግቶ እንደ ምጣድ የሰፋ ክብ ሰሌዳ ይሆናል። የዚህ ክብ ሰሌዳ ውፍረት ከመሐል እስከ ጠርዝ አንድ ዓይነት ሊሆን ስለማይችል፥ ተቈርጠው የሚወጡት አራት ማዕዘን መስተዋቶች አንድ ጎናቸው የወፈረ ሌላው የሳሳ ይሆናሉ። መስኮት የሚገጥመው ሰው ብዙውን ጊዜ ከባዱን ጎን ወደ ታች ማድረጉ አያስደንቅም። ሁልጊዜ ግን እንዲህ አላደረገም፤ በአውሮፓም ከላይ ወይም ከጎን የወፈሩ ጥንታውያን መስተዋቶች ይገኛሉ። ይህም የጎንደሩ ሽማግሌ የጠየቀው ጥያቄ ነው።

በ20ኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ ኤሚል ፉርኮ የተባለው የቤልጅግ ሰው ቅልጡን በመኪና ወደ ላይ እየሳቡ መስተዋት የሚያወጡበትን ዘዴ ሠራ። በዚህ መንገድ የተሳበውም መስተዋት ቢሆን በላዩ ሞገድ የመሰለ መስመር ይታይበታል። ፍጹም ለጥ ያለው መስተዋት የተስፋፋው፥ አላስቴር ፒልኪንግተን የተባለው እንግሊዛዊ ቅልጡን በቀለጠ ቆርቆሮ ላይ የማንሳፈፍን ዘዴ ካስገኘ በኋላ ነው፤ ዘዴው ለዓለም የተገለጸው በአውሮፓ አቈጣጠር በ1959 ነው። እኛ ዛሬ ለዚህ ለጥ ላለ መስተዋት ዓይናችን ስለ ለመደ፥ አሮጌውን ስናይ ከጊዜ ብዛት የተበላሸ ይመስለናል። እርሱ ግን በተወለደበት ዕለት የያዘውን መልክ እንደ ያዘ ነው። የጠጅ ብርሌም በእጅ ተነፍቶ ሲሠራ ከታች ወፍሮ ይወጣ ይሆናል፤ ይህንም አይቶ ከቀድሞ ጀምሮ ሲፈስስ ነበር የሚል የለም።

ይህ ሁሉ ስለ አሠራሩ ነው። መስተዋት በጥቂቱም ቢሆን መፍሰስ አለመፍሰሱን በቍጥር የመረመሩ ሊቃውንትም አሉ። በአውሮፓ አቈጣጠር በ2017 በአሜሪካ ታትሞ የወጣ አንድ ምርምር፥ በለንደን በዌስትሚኒስተር ቤተ ክርስቲያን ካለው የመካከለኛው ዘመን መስተዋት ጋር በቅመሙ አንድ የሆነ መስተዋት አቅልጦ ፈተነ። የሚያስገርመው ነገር፥ መርማሪዎቹ ይህ መስተዋት ቀድሞ ከተገመተው እጅግ እጅግ የላላ ሆኖ አገኙት። እንዲህም ሆኖ በአንድ ቢሊዮን ዓመት ውስጥ ሊፈስስ የሚችለው ቢበዛ አንድ ናኖሜትር ያህል መሆኑን አሰሉ፤ ይኸውም የአንድ ሚሊሜትር አንድ ሚሊዮንኛ እጅ ማለት ነው። የጎንደር ከተማ ዕድሜ ገና አራት መቶ ዓመት ስላልሞላ፥ የመቶ ዓመት መስኮት እንዴት ሊፈስስ እንደሚችል እናንተው ፍረዱ።

በእውነት ቀስ ብሎ የሚፈስስ ነገር ምን እንደሚመስል ለማወቅ ለሚፈልግ ደግሞ ሌላ ምሳሌ አለ። ፕሮፌሰር ቶማስ ፓርኔል በአውስትራልያ በኩዊንስላንድ ዩኒቨርሲቲ በአውሮፓ አቈጣጠር በ1927 እንደ ሬንጅ ያለ ጥቁር ቅጥራን በመስተዋት ማንቈርቈሪያ ውስጥ ጨመሩ። ይህ ቅጥራን በመዶሻ ሲመቱት ይሰባበራል፤ ነገር ግን ፈሳሽ ስለ ሆነ ይንጠባጠባል፤ እስከ 2014 ድረስም ዘጠኝ ጠብታ አወረደ። እንግዲህ ልብ በሉ፤ በዚያ ሁሉ ዘመን ቅጥራኑ ሲፈስስ፥ እርሱን የያዘው መስተዋት ግን ቅርጹን እንደ ጠበቀ ነው።

ክቡራን ሆይ፤ ምስክር ፍለጋ እስከ አውስትራልያ መሄድ ባላስፈለገ ነበር፤ ከሁሉ የሚበልጠው ምስክር በገዛ አገራችን መሬት ውስጥ ይገኛልና። እርሱም ባልጩት ነው። ባልጩት ሰው ያልሠራው መስተዋት ነው። ከምድር ውስጥ የወጣ የቀለጠ ድንጋይ በዝግታ ሲቀዘቅዝ ቅንጣቶቹ ረድፍ ይይዙና ክሪስታል ይሆናል፤ የሰሜን ተራሮችን የሠራውና ለጎንደር ግንቦች የዋለው ጥቁር ድንጋይ ከዚህ ወገን ነው። ቅመሙ ለዚህ የተመቸ ቅልጥ ድንጋይ ረድፍ ሳይዝ ከደረቀ ደግሞ ባልጩት ይሆናል። ጥንታውያን ሮማውያን ባልጩትን የሚጠሩበትን ስም ሲተረጕሙ፥ ፕሊኒ የተባለው ጸሐፊ ድንጋዩን በኢትዮጵያ ካገኘው ኦብስዩስ ከተባለ ሰው ስም ጋር ያያይዘዋል። ስለ ቀይ ባሕር ንግድ በግሪክ ቋንቋ የተጻፈው ጥንታዊ መጽሐፍም ከአዱሊስ ወዲያ ባለው የባሕር ዳር ባልጩት እንደሚገኝ ያወሳል።

ከአዲስ አበባ በስተደቡብ በአዋሽ ወንዝ አጠገብ የሚገኘው መልካ ቁንጡሬ፥ በአጠገቡ ካለውና በድንጋዩ ስም ባልጩት ተብሎ ከሚጠራው ቦታ ጋር፥ በ2016 ዓ.ም. በዓለም ቅርስነት ተመዝግቧል። በዚያ ስፍራ ከ1.2 ሚሊዮን ዓመት በፊት የጥንት ሰዎች ባልጩትን እየቀረጹ የእጅ መጥረቢያ ይሠሩበት የነበረ ቦታ ተገኝቷል። በዝዋይ ሐይቅ አጠገብ በጋደሞታም ከ270 ሺህ ዓመት የሚበልጥ ዕድሜ ያላቸው የባልጩት መሣሪያዎች ተቈፍረው ወጥተዋል። አሁን አንድ ጥያቄ ልጠይቃችሁ፤ መስተዋት የሚፈስስ ቢሆን ኖሮ ከሁሉ አስቀድሞ የሚጠፋው ምኑ ነበር? ስለቱ አይደለምን? እንደ ምላጭ የሳሳ ጠርዝ በጥቂቱ ቢፈስስ እንኳ ዶልዱሞ ይቀር ነበር። ነገር ግን የባልጩቶቹ ጠርዝ ዛሬም በግልጽ ይታያል፤ መሣሪያ መሆናቸውንም የምናውቀው ይህ ቅርጻቸው ስላልጠፋ ነው። በመቶ ዓመት ውስጥ የጎንደር መስኮት ከፈሰሰ፥ በሚሊዮን ዓመት ውስጥ የመልካ ቁንጡሬ ባልጩት ኩሬ በሆነ ነበር። በአክሱም ቁፋሮ የተገኙት የመስተዋት ዋንጫዎችና ዶቃዎችም ይህንኑ ይመሰክራሉ፤ ተሰብረው የተገኙ አሉ፥ ቀልጠው የተንጠፈጠፉ ግን አይደሉም።

ይህን ስል መስተዋት ተመርምሮ አልቋል፥ ምስጢር የለውም ማለቴ አይደለም። የኖቤል ሽልማት የተቀበሉት ፊሊፕ አንደርሰን በአውሮፓ አቈጣጠር በ1995፥ ፈሳሽ ወደ መስተዋትነት የሚለወጥበት መንገድ ስለ ጠጣር ነገሮች በሚደረገው ትምህርት ውስጥ ምናልባት ከሁሉ የጠለቀው ያልተፈታ ጥያቄ እንደ ሆነ ጽፈዋል። ሊቃውንት የሚከራከሩት ግን መስተዋት በምን ሥርዐት እንደሚደርቅ ነው፤ የመስኮታችን መስተዋት ወደ ታች ስለ መውረዱ ክርክር የለባቸውም። ደግሞም መስተዋት ፈጽሞ አይለወጥም ማለት አይደለም። እርጥበት ለረጅም ጊዜ ሲቀመጥበት ፊቱን ይበላዋል፥ ያደበዝዘዋልም። እንግዲህ የአሮጌ መስተዋት እውነተኛ ጠላት ውሃ ነው፤ ውሃውንም የሚያስገባው የበሰበሰ እንጨትና የረገፈ ስቱኮ ነው።

አሁን ወደ ጎንደር ልመለስ። ከመንፈቅ በኋላ፥ በነሐሴ ወር፥ ወደዚያ መሥሪያ ቤት ገባሁ። አዲሶቹ መስተዋቶች ተገጥመው ያብረቀርቃሉ። ማቀፊያው እንጨት ግን ያው የቀድሞው ነበር፤ በጀቱ ለመስተዋት ተብሎ ስለ ተፈቀደ ለእንጨት የዋለ ገንዘብ አልነበረም። ዝናቡም እንደ ቀድሞው ገብቶ የታችኛውን መደርደሪያ አርሶታል። ከረጠቡት ማኅደሮች መካከል የአንዲት ባልቴት የጡረታ ማኅደር ነበረበት፤ የሟቹ ባልዋ የአገልግሎት ዘመን የተጻፈበት ወረቀት ቀለሙ ተዘርግቶ የማይነበብ ሆኖ ነበር። ሴትዮዋም ነጠላዋን እንዳጣፋች በአግዳሚው ላይ ተቀምጣ ስትጠብቅ አገኘኋት። በዚያ ቤት የፈሰሰው የመዝገቡ ቀለም ነበረ። አሮጌዎቹ መስተዋቶች ደግሞ በግቢው ጥግ ተሰባብረው ተከምረዋል፤ አንዱን ስብርባሪ አንሥቼ ብመለከተው ያ ከላይ የወፈረው ነበረ።

እኔ «በእርግጥ የታወቀ ነው» ያልሁት ቃል ያንን ደብዳቤ አስፈርሟል። ስለዚህ በዚያው ቀን ወረቀት ለምኜ፥ ምስክርነቴ ስሕተት እንደ ነበረና ጕዳቱ የእንጨቱ መሆኑን ጽፌ ፈርሜ ለጸሐፊው ሰጠሁት። ጸሐፊውም ሳይቀየም ተቀበለኝ፤ ሽማግሌው አናጢ እንደ ገና ተጠርቶ ማቀፊያውን ለወጠ፤ የፈጀበትም ጊዜ ሁለት ቀን ነበር። የባልቴቲቱ ማኅደር ግን ከሌላ ስፍራ ግልባጩ ተፈልጎ እስኪገኝ ድረስ ወራት ወሰደ።

ጎንደር የትርጓሜ ከተማ ናት። የላይ ቤትና የታች ቤት ሊቃውንት አንድን ቃል ይዘው ሲያመሠጥሩ በአንድ ፍች አይረኩም፤ «አንድም» እያሉ ሌላውንም መንገድ ይመረምራሉ። እኔና ጸሐፊው በዚያች መስኮት ፊት ቆመን አንድ ጊዜ «አንድም» ብንል ኖሮ ይበቃን ነበር፤ መስተዋቱ ከታች የወፈረው ፈሶ ነው፤ አንድም፥ ሲሠራ ወፍሮ ነው፤ አንድም፥ ሌላውን መስተዋት አውጥተን እንለካ። ይህን ያለው የቄስ ትምህርት እንኳ አልተማርሁም የሚለው አናጢ ነበረ።

ክቡራን ሆይ፤ በየጠረጴዛችን ላይ በየቀኑ «የታወቀ ነው» የሚል ወረቀት ይቀርብልናል። ከመፈረማችን በፊት የታወቀው ለማን እንደ ሆነ፥ ማንስ እንደ ለካው መጠየቅ ሥራ ማዘግየት አይደለም። ነገ ጧት ቢሮ ስትገቡ መስኮታችሁን አንድ ጊዜ ተመልከቱ፤ መስተዋቱ ባለበት እንዳለ ታገኙታላችሁ። ክረምት ሳይገባ ግን እንጨቱን በጣታችሁ ጫን አድርጋችሁ ፈትኑት።